አራት ሰው ይሳፈርበታል የተባለው ፌርማታ

ማክሰኞ፣ ማርች 4
የ4፡42ቱ ባቡር ሦስት ደቂቃ ዘግይቶ መጣ። እንደ ወትሮው። ስድስት ሰዓት ላይ መጦሪያው ደርሼ እህቴን ኢርማን ምሳ አበላሁ። ስትሮክ ከመታት ወዲህ ከእኔ እጅ በቀር አትቀበልም። ነርሶቹ ማንኪያ ሲያቀርቡላት አፏን ግጥም! ዛሬ ድንቹን ጨረሰች፣ ጎመኑን ተፋችው። "ለከብት ነው እንዴ ያመጣሽው?"

ስመለስ ፌርማታችን ምሰሶ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሐዲዱ ሊታደስ ነው። ጥሩ። ከእድሳቱ በኋላ ግን ባቡሩ እኛ ጋ አይቆምም። ምክንያት፦ በቀን አራት ተሳፋሪ ብቻ።

አራት? ዛሬ ጠዋት ብቻ ዘጠኝ ነበርን።

ረቡዕ፣ ማርች 5
ወደሚቀጥለው ፌርማታ በእግሬ ሞከርኩት። ዳገትና መቶ አሥራ ስምንት ደረጃ። ሃምሳ አንድ ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ያውም በረዶ ሳይኖር። ኢርማ ጋ ስደርስ ምሳው ተነሥቷል። ሳትበላ ዋለች።

አይሆንም።

ሰኞ፣ ማርች 10
የወጥ ቤት ወንበር፣ ደብተርና እርሳስ ይዤ ፌርማታው ላይ ተቀመጥኩ። ከንጋት እስከ ማታ። ኢርማ ጋ ስሄድ ጎረቤቴ ዳርኔል ይቆጥርልኛል። ስመለስ ከጽዳት ሠራተኛው ጋር ተፋጠዋል። ሰውዬው ወንበሩን ሊያነሣ ነበር።

"እኛ ሰፈር በረዶ ጠርጎ የመኪና ማቆሚያውን በወንበር የያዘ ሰው ይነካል? የየት ሰፈር ልጅ ነህ አንተ?" ይላል ዳርኔል።
"በረዶው የታለ?"
"ወንበሩ አለ አይደል!"

ሰውዬው ሳቀና ዙሪያውን ጠርጎ ሄደ።

ዓርብ፣ ማርች 14
የአምስት ቀን አማካይ፦ ስልሳ ሦስት። ሁለት ጊዜ ደመርኩት። ለባቡር ድርጅቱ ደብዳቤ ላክሁ።

ረቡዕ፣ ማርች 26
መልስ መጣ። "የምንቆጥረው በመሣሪያ ነው። መሣሪያ አይደክምም።" እኔስ መቼ ደከምኩ? ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር፣ መልሱን ብቻ ጽፎ ለመጣ ልጅ ማርክ ሰጥቼ አላውቅም። አሠራራቸውን ያሳዩኝ እስቲ።

ሐሙስ፣ ማርች 27
የባቡሩን ሹፌር ሬጂን ጠየቅሁት። ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ አሁን መላጣ ሆኗል።

"ቆጣሪው የት ነው ያለው?"
"ከመሃለኛው በር በላይ ነው፣ ቲቸር። ያቺ ጥቁር ሳጥን።"
"እኛ ፌርማታ ላይ የሚከፈተው የትኛው በር ነው?"
"የፊቱ ብቻ። የእናንተ መሳፈሪያ መድረክ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ደረጃ ያለው ደግሞ የፊቱ..." ዞሮ ሳጥኗን አየ። "ወይ ጉድ!"

ታዲያ አራቱ እነማን ናቸው? መሃለኛውን በር ተደግፈው የሚያንቀላፉ ይሆናሉ...

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 15
የባቡር ድርጅቱ ሕዝባዊ ስብሰባ። ለአንድ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ። ሰብሳቢው አቶ ፕሩት "እማማ፣ ሰዓትዎ አልቋል" አለኝ።

"አርባ ሰከንድ ይቀረኛል። እማማም አይደለሁም፤ ሚስ ሃቭራን ነኝ። እኛ ጋ የሚከፈተው የትኛው በር ነው?"

ኃላፊዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱም አያውቅም! ከኋላ ሬጂ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ እጁን አወጣ። "የፊቱ ነው፣ ጌታዬ።" አዳራሹ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሃያ ሰከንድ ቀርቶኝ ነበር። "እህቴ የምትበላው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ካመለጠኝ ጦሟን ታድራለች" አልኩና ተቀመጥኩ።

ዓርብ፣ ሜይ 9
ሰው ልከው አስቆጠሩ። ስልሳ አንድ። ፌርማታው አይዘጋም።

ሁለት ሰው አምልጧቸዋል።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9
ሐዲዱ እስኪታደስ ሦስት ወር በምትክ አውቶቡስ ተንገላታን። ቀደም ብዬ እየወጣሁ አንድም ምሳ አላመለጠኝም። ዛሬ ባቡሩ ተመለሰ። አዲሱ ሐዲድ አያንገጫግጭም። ባቡሩ ውስጥ የተለጠፈውን አዲስ ካርታ ግን አየሁት... ሎከስት ዳገት የሚባለው ፌርማታ በኦክቶበር መጨረሻ ይዘጋል። መድረኩ እንደኛው ዝቅ ያለ ነው። የቆጠረውም ያው ሳጥን።

ከመጦሪያው ለድርጅቱ ስልክ ደወልኩ። "ያ ተፈርሞ ያለቀ ነገር ነው። ደግሞስ እርስዎ እዚያ አይኖሩም" አሉኝ። አልኖርም፤ መቁጠር ግን እችላለሁ አልኳቸው።

ኢርማ ስታኝክ ታየኛለች።
"ነገ ከምሳ በኋላ ቶሎ እወጣለሁ።"
"የት ልትሄጂ?"
"ሎከስት ዳገት።"
"እዚያ ማን አለሽ?"
"ማንም የለኝም።"
"ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ?"
"ተሳፋሪዎቹ ስንት እንደሆኑ ማንም አያውቅም፣ ኢርማ።"

ማንኪያውን አየች። ከዚያ ለጎመኑ አፏን ከፈተች።