ሦስተኛው ምሰሶ፦ የአቶ ዮሺሃሩ ኩራሞቺ የሕይወት ታሪክ

አቶ ዮሺሃሩ ኩራሞቺ ከአባታቸው ከጀልባ ቀዛፊው ከአቶ ጊሳኩ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቶመ እ.ኤ.አ. በማርች 1947 በቶያማ ተራሮች ሥር፣ በኩሮሴ ወንዝ ዳር ተወለዱ። የቴክኒክ ትምህርታቸውን አጠናቀው በ1966 በባቡር ድርጅት የጥገና ክፍል ተቀጠሩ። በ1972 ከወይዘሮ ፉሚኤ ጋር ትዳር መሥርተው እኔን፣ ይህን የምጽፈውን አንዲት ልጃቸውን ወልደዋል።

ሙያቸው የድልድይ ምሰሶዎችን መመርመር ነበር። ሠላሳ ኪሎ የሚመዝን ብረት በገመድ አንጠልጥለው የምሰሶውን አናት ይመቱና ንዝረቱን በመሣሪያ ይለካሉ። መሠረቱ የጸና ምሰሶ ቶሎ ቶሎ ይንቀጠቀጣል፤ ጎርፍ ሥሩን የቦረቦረው ግን ይዘገያል። እያንዳንዱ ልኬት ከመጀመሪያው ጋር ይነጻጸራል።

የመንደራችንን ድልድይ በ1989 ለመጀመሪያ ጊዜ የለኩት እሳቸው ናቸው። ሌሎቹ ምሰሶዎች በሰከንድ አሥር ጊዜ ሲንቀጠቀጡ ሦስተኛው ሰባት ብቻ ሆነ። ባልደረባቸው አቶ ኦኑማ፣ «ዮሺ፣ ይሄኛው ምን ሆኖ ነው የሚጎተተው?» ቢሏቸው፣ «ተወው ባክህ፣ ሲፈጥረው ሰነፍ ነው!» ብለው ሳቁ። ሰባትንም የጤናው ልክ አድርገው መዘገቡ። ከዚያ ልኬት በፊት በነበረው ዓመት የመጣ ጎርፍ መሠረቱን በልቶ ጉድጓዱን በጠጠር ሸፍኖት እንደነበር ያወቅነው ኋላ ነው። በየሁለት ዓመቱ እየለኩ ለዐሥራ ስምንት ዓመት «ለውጥ የለውም» ብለው ፈረሙ። ውሸት አልጻፉም፤ የታመመውን ከታመመው ጋር ሲያነጻጽሩ ኖሩ እንጂ።

በጁላይ 2007 ከከባድ ዝናብ ማግሥት ሦስተኛው ምሰሶ ባቡር እንደተሸከመ ዘመመ። ሦስት ሰዎች ሞቱ፤ አንዷ በዚያው ባቡር ከገበያ ይመለሱ የነበሩት እናቴ ናቸው። አጣሪዎቹ «በደንቡ መሠረት ሠርተዋል» ብለው አባቴን ነጻ አወጧቸው። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነጻ አላወጡም። እኔም አላወጣኋቸውም። ዐሥራ ስድስት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ሩዛቸውን እያቀረብሁ፣ ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል አልተነፈስንም።

በ2021 ልባቸው ደከመ። ባለፈው ወር ሐኪማቸው ምርመራውን ከዓምናው አስተያይቶ፣ «አይዞዎት አባት፣ ምንም ለውጥ የለውም» አላቸው። አባቴ ወደ እኔ ዞረው፣ «ዓምና ደህና እንደነበርኩ በምን አወቀ?» አሉኝ። ኖቬምበር 19 ቀን 2023 በተወለዱ በ76 ዓመታቸው ዐረፉ።

ታላቅ እኅታቸውን ወይዘሮ ኪኑንና እኔን ትተው ሄደዋል። «አስከሬኔ ሲቃጠል አመዱን ከፉሚኤ ጎን እንዳታኖሩ፤ በምን ፊቴ!» ብለው ጽፈው ነበር። አክስቴ ይሻር ቢሉም ቃላቸው ይጠበቃል። ይቅርታዬን በሕይወት ሳሉ አልሰጠኋቸውም፤ ዛሬ ብሰጥ የሚቀበለኝ የለም። መሐሪው ቡድሃ ግን እንደ እኔ አይጨክን፤ ነፍሳቸውን ከእናቴ አጠገብ ያሳርፍልን።