መወርወሪያውን ያልለቀቁት ልዑል የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሰናበታቸው ልዑል ከአባታቸው ከንጉሡና ከእናታቸው ከንግሥቲቱ፣ አባታቸው በነገሡ በአምስተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ተወለዱ። ለመውለጃ የተሰናዳው ባለ መጋረጃ ክፍል ሳይደረስበት ቀረ። እናታችን አንሶላው በደንብ አልታጠበም ብለው ከአጣቢዎቹ ጋር ሊነጋገሩ በወረዱበት ምጡ ስለቀደማቸው፣ ልዑሉ የተወለዱት በቤተ መንግሥቱ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ በእንፋሎትና በሳሙና ሽታ መካከል ነበር። አጣቢዎቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ “የኛ ልጅ” ሲሏቸው ኖረዋል። በክፉው ዘመን እንኳ ይህን አጠራር አልተዉትም።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ታናሽ እህታቸው ናት። “ለረጅም ጊዜ ታመው አረፉ በሉና በአጭሩ ጨርሱት” ብለው የመከሩን አዛውንቶች ነበሩ። ምክራቸውን በአክብሮት ሰምተናል፤ ግን አልተቀበልነውም። እዚህ የተሰበሰበው ሰው የሆነውን ያውቃል። ደጉን ብቻ ብናነብ የተጎዳውን ሰው ፊት ለፊት መስደብ ይሆንብናል፤ ክፉውን ብቻ ብናነብ ደግሞ ወንድማችንን ሳናውቃቸው መቅበር ነው።

ልዑሉ ፊደልን በቤተ መንግሥት ከመምህራቸው፣ ሰይፍን ከዘበኞች አለቃ ተማሩ። በሰይፉ ጎበዝ ነበሩ። በዜማው ግን መምህሩ ከዓመት ድካም በኋላ “ልዑል ሆይ፣ እርስዎ ቢያዳምጡ ይበቃል” ብለው ተሰናብተዋቸዋል። ከትምህርት ሁሉ የሚወዱት የእጅ ሥራ ነበር፤ በተለይ የበር ማጠፊያ መጠገን። ኪሳቸው ዘይት የነካው ጨርቅ አጥቶ አያውቅም። አንድ ቀን በአንድ እግራቸው ብቻ ጫማ አድርገው ከገበያ ቢመለሱ፣ እናታችን “ሌላውስ የት ሄደ?” አሉ። ባዶ እግሩን ለነበረ ሰው ሰጥተውት ኖሯል። “አንተ ልጅ፣ ከሰጠህ አይቀር ጥንዱን ስጥ እንጂ! አንድ ጫማ ምን ያደርግለታል?” ቢሏቸው፣ “እኩል እንድንቸገር ብዬ ነው” አሉ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እናታችን ግን ልጁን ትኩር ብለው እያዩ ቆዩ።

አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላቸው፣ በቤተሰባችን ሥርዓት መሠረት በማታ በር በበረኛነት ተቀጠሩ። ለሩቅ እንግዶች ብናስረዳ፣ የማታ በር በከተማው ቅጥር ጫፍ ያለ ዝቅተኛ የድንጋይ ክፍል ነው። ውስጡ አንድ ያረጀ አግዳሚ ወንበር፣ የውኃ ማሰሮና ካባ የሚሰቀልበት ችካል አለ። ከበሩ ጀርባ ያለው ጨለማ ከሌሊት ይከፋል፤ ስለዚህ ቀንም ሌሊትም አንድ ሰው የበሩን መወርወሪያ በእጁ ይዞ መቀመጥ አለበት። አንዱ ፀሐይ ስትጠልቅ ገብቶ እስከ ማግስቱ ምሽት ይይዛል፤ ከዚያ ጨለማው ያጠቆረው እጁ እስኪጠራ ያርፋል። የሚገባው እጁን አሳይቶ፣ መወርወሪያው ላይ ጭኖ “ተረከብኩ” ይላል፤ የሚወጣው “አስረከብኩ” ብሎ ይለቃል። መወርወሪያው በጉልበት የሚነጠቅ አይደለም፤ ያዡ በቃሉ ሳያስረክብ እጁ ከተላቀቀ በሩ ይከፈታል። የንጉሥ ልጅም ሆነ የአናጢ ልጅ፣ ሥርዓቱ አንድ ነው።

ልዑሉ ይህን ሥርዓት ያፈረሱት ከደግነታቸው የተነሳ ነው። አንዱ በረኛ ሚስቱ ምጥ ላይ ሆነች፤ “ሂድ ተኛ፣ እኔ እይዛለሁ” አሉት። ሚስቱን እያሰበ እንቅልፍ ለማይወስደው ለዚያ ሰው “ሂድ ተኛ” ማለታቸው ቀልድ መስሎት ቢቆም፣ ከካባው ጋር ወደ ውጭ ገፉት። ሌላው አሳለው፤ ሌላው ምንም ሳይሆን እንዲሁ ደከመኝ አለ። በረኞቹ ስማቸውን “ሂድ ተኛ” ብለው አወጡላቸው፤ ሰውም በዚሁ ስም ወደዳቸው። የበረኞች አለቃ ጥፍራቸው ሥር የገባውን ጥቁረት አይተው ለንጉሡ ነገሩ። አባታችንም ጠርተው፣ “ልጄ፣ ይሄ በር የሰው ውለታ አያውቅም። ተራህን ጨርስና ውጣ” አሏቸው። “እሺ አባባ” አሉ። እሺ ማለት ይችሉበት ነበር፤ መተው ነበር ያቃታቸው።

በሃያ አምስት ዓመታቸው ከፋኖስ መስታወት ሠሪዎች መንገድ አንዲት ባለሙያ አገቡ። እጇ በእሳት ጠባሳ የተሞላ፣ አፏም የማያፍር ሴት ነበረች። “እኔ የማበራውን አንተ ልታጠፋው ነው እንዴ?” እያለች በጥቁር ጥፍራቸው ትቀልድ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቷን ታቅፈው በቤተ መንግሥቱ ያለውን በር ሁሉ እየከፈቱና እየዘጉ ሲያሳዩዋት፣ የወጥ ቤት ሰዎች እንኳ መግቢያ መውጫ አጥተው ነበር። በዚያ ወራት ደስተኛ ነበሩ፤ ይህ እንዲታወቅላቸው እንፈልጋለን።

ባለቤታቸው ሌላ ነገር ማስተዋል የጀመረችው በምግብ ላይ ነው። አንድ ቀን ወጡ ላይ ጨው በስህተት በዛባት፤ እሳቸው ግን ሳህኑን ጠርገው በሉና አመሰገኑ። በማግስቱ ሆን ብላ ጨመረችበት። አሁንም አመሰገኑ። ሰው ሁሉ የፍቅር ነገር ነው ብሎ ሲስቅ እሷ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ምላሳቸው ጣዕም መለየት ትቶ ነበር።

አባታችን በነገሡ በሠላሳ አምስተኛው ዓመት ሲያርፉ ልዑሉ ነገሡ። በዚያን ጊዜ በሩን ትተው ወደ ዙፋኑ መሄድ ነበረባቸው፤ እሳቸው ግን ዙፋኑን ወደ በሩ አስመጡ። ኋላ ለእህታቸው እንደነገሯት፣ ጨለማው አንድም ቀን አስፈራርቷቸው አያውቅም። ያመሰግናቸው ነበር። “እንዳንተ ያለ የለም፤ አንተ ባትኖር ይሄ ሁሉ ሕዝብ ምን ይውጠው ነበር?” ይላቸው ነበር። ከምስጋናው ጋር ትንሽ ጥርጣሬም ይጨምርላቸዋል፤ ይሄኛው በረኛ ይተኛል፣ ያኛው ይፈራል፣ አለቃው መወርወሪያህን ሊወስድ ይፈልጋል። ለሰው ሁሉ ሲሉ የጀመሩትን ሥራ ከሰው ሁሉ መጠበቅ ጀመሩ።

በረኞቹን በክብር አሰናበቱ። ለምን ያሉትን አሰሩ። አንድን ሹም “ሂድ ተኛ” ካሉት ቤተሰቡ ብርድ ልብስና ስንቅ ይዞ ወደ እስር ቤት ይሮጥ ጀመር። ከዚያ ብርሃን ጨለማውን ያስቆጣዋል ብለው በምሽት ፋኖስ እንዳይበራ አዘዙ፤ በባለቤታቸውም መንገድ ያለው ምድጃ ሁሉ ቀዘቀዘ። እሷ በር ላይ ቆማ፣ “አንተ ሰውዬ፣ በሩን ከማን ነው የምትጠብቀው?” ብላ ጠየቀች። ልጇንም ይዛ ወጣች። ስሟን የሚያነሳ ሰው ከፊታቸው ይባረር እንደነበር፣ ማታ ማታ ግን ራሳቸው ያነሱት እንደነበር በሩ ውጭ የሚቆሙ ዘበኞች መስክረዋል።

በነገሡ በአሥራ አንደኛው ዓመት ቀለም ነካሪዎች ትእዛዙን ጣሱ። ሥራቸው በጨለማ አይሆንም፤ ቀዩ ከቡናማው ካልተለየ ጨርቁ ይበላሻል። አንድ ምሽት መንገዳቸውን በሙሉ ፋኖስ አበሩበት። ልዑሉም መወርወሪያውን የጣት ውፍረት ያህል አነሱት። ጨለማው ወደዚያ መንገድ ወረደ። በየቤቱ የነበረ ሰው ሁሉ ዓይኑ ጠፋ፤ መውጫ ሲፈልጉ ቀለም ጋን ውስጥ ወድቀው የሞቱም ነበሩ። ይህን ጨለማው አደረገው ብለን አንሸሽም። ያነሳው እጅ የወንድማችን እጅ ነበር። በማግስቱ እህታቸው ስትገባ “በሩ ግን ተመልሶ ጠበቀ፣ አይደል?” ብለው ጠየቋት። ያን ቀን ወንድሟን የቀበረች መስሏት ወጣች።

ከዚያ በኋላ እሳቸውን ለመጣል የመከረ ብዙ ነው። ግን ማን ይነካቸዋል? ቢገደሉም ቢጎተቱም በሩ ይከፈታል። ከተማው በሙሉ በአንድ የታመመ ሰው እጅ ውስጥ አራት ዓመት አደረ። እህታቸው እየሄደች “ወንድም ጋሼ፣ ለእኔ አስረክበኝ” ትላቸው ነበር። “አንቺ አትችይውም” ነበር መልሳቸው።

በነገሡ በአሥራ አምስተኛው ዓመት ልጃቸው አሥራ ስምንት ሞላት። ማንም ሳይልካት፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በማታ በር ክፍል ገባችና እንደ ሥርዓቱ ሁለት እጇን ዘረጋች። “ተረኛ ነኝ” አለች። የሰባት ዓመት ልጅ ሆና የተለየቻቸውን ልጃቸውን ያወቋት ድምፅዋን ሲሰሙ ነው። ንጹሑን እጅ አዩ፤ እስከ ክርናቸው የጠቆረውን የራሳቸውንም አዩ።

“አይሆንም! እንደኔ እንድትሆኚ? ሂጂ ውጪ!” ብለው ጮኹ።

“አባዬ፣ ለዛሬ ብቻ እኮ ነው” አለቻቸው። “ነገ ሌላ ሰው ይገባል።”

ልዑሉ ያልገባቸው ነገር የተነገራቸው ያህል ፊቷን አዩ። ቀጥለውም በጣም ቀስ ብለው “ማን?” አሉ።

“እኔ አለሁ” አሉ አሮጌው የበረኞች አለቃ ከውጭ። “ከሳቸው ቀጥሎ እኔ” አለ ሌላው። እህታቸው “ከዚያ እኔ” አለች። ልዑሉ ካባረሯቸው በረኞች በሕይወት ያሉት፣ ከእስር ያመለጡትም ጭምር፣ በመንገዱ ላይ ተሰልፈው ነበር። ድምፁ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። በመጨረሻ አንዲት ሴት፣ “እኔም አለሁ። ቀለም ነካሪዋ ነኝ። ለመያዝ ዓይን አያስፈልግም” አለች። ያን ምሽት ዓይኗንም ባሏንም ያጣች ሴት ናት።

ልዑሉ አለቀሱ። ልጃቸው እጇን መወርወሪያው ላይ ጭና “ተረከብኩ” አለች። እሳቸው ግን ቃሉ ከአፋቸው አልወጣ አለ። ፀሐይዋ ጠለቀች። ከበሩ ጀርባ ያለው ጨለማ ምስጋናውን ሲያበዛላቸው እንደነበር ኋላ ተናግረዋል። ከብዙ ትንቅንቅ በኋላ “አስረከብኩ” አሉ፤ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ማላቀቅ ግን የእህታቸውን እርዳታ ጠይቋል። በሩ አልተከፈተም።

ከዚያ በኋላ አገሩ በሸንጎ መተዳደር ጀመረ። ሸንጎውም ልዑሉን ከዘውድ ሽሮ፣ የጎዱትን ሰፈር ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲያገለግሉ ፈረደባቸው። በቀለም ነካሪዎች መንገድ፣ በአንድ የጋን ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ኖሩ። ዓይን ለሌለው ሰው የሚያመቹ በሮች ሠሩ፤ እያንዳንዱ ማጠፊያ የራሱ ድምፅ እንዲኖረው እያደረጉ፣ ሰው በድምፁ ቤቱን እንዲለይ። የሠሩለትን በር በፊታቸው የነቀለ ሰው አለ። መብቱ ነበር፤ እሳቸውም እንጨቱን ተሸክመው ተመለሱ። ባለቤታቸው አብራቸው ለመኖር አልተመለሰችም። ግን አንድ ፋኖስ ልካላቸዋለች፤ እስኪያርፉም ሲያበሩት ኖረዋል።

ጥቁረቱ ከክርናቸው ወደ ትከሻቸው፣ ከትከሻቸው ወደ ደረታቸው ዘለቀ። ሐኪሞች የሚችሉትን አደረጉ። ሸንጎው በተቋቋመ በአሥራ ሦስተኛው ዓመት፣ በመኸሩ ወር በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ በተወለዱ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ልጃቸውና እህታቸው አጠገባቸው ሆነው አረፉ። በነገሥታት መቃብር እንዳይቀበሩ ተናዝዘዋል፤ ቃላቸው ተጠብቋል።

ልዑሉ የተለየቻቸውን ባለቤታቸውን፣ አንዲት ሴት ልጃቸውንና ታናሽ እህታቸውን ትተው አልፈዋል። ልጃቸው ለዛሬ ማታ ተረኛ ነበረች። በረኞቹ ተራዋን እንያዝልሽ ብለው ቢለምኗት እሺ ብላለች፤ ቤተሰቡም ያመሰግናቸዋል።

ለቀለም ነካሪዋ ዕረፍታቸውን ልንነግራት ሄደን ነበር። ሥራዋን ሳታቆም ሰማችን። “ይቅር አላልኩትም” አለች። “እንዲህ ብላችሁ ጻፉት። ግን እቀብረዋለሁ።” እንዳለችው ጽፈናል። አሁን ከፊት፣ ከልጃቸው ጎን ተቀምጣለች።

ፈጣሪ ለእሷ የተወሰደባትን ብርሃን፣ ለእሳቸው ደግሞ ያልለመዱትን ዕረፍት ይስጥልን።