የሴናተሩ ሰማያዊ ወረቀትና የወንድሜ ቤት

ለክቡር ሴናተር ሮይስ ፔኒቤከር
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ እላለሁ። ባለቤትዎስ፣ ልጆችዎስ፣ ጀልባዎስ? በነጻነት በዓሉ ሰልፍ ላይ በክፍት መኪና ቆመው ለሕዝቡ ከረሜላ ሲበትኑ ስላየሁዎት፣ ክንድዎ በሙሉ ጤና ላይ መሆኑን በዓይኔ አረጋግጫለሁ። ከረሜላን አጥር አሻግሮ የሚወረውር ክንድ አንዲት ወረቀት ማንሣት ያቅተዋል ብዬ ስለማላምን፣ ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ በኩል ልኬልዎታለሁ። በፖስታ ለላክኋቸው ሁሉ የመለሱልኝ ፎቶግራፍዎን ብቻ ስለሆነ፣ የቤቴ ግድግዳ በፈገግታዎ ሞልቶ ቦታ አጥቻለሁ።

ማርሊስ ትቬት እባላለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በክሮው ቤንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ዜጋ አስተምር ነበር። ሕግ አውጪው ያወጣል፣ አስፈጻሚው ያስፈጽማል፣ ተርጓሚው ይተረጉማል፣ አንዱ ቢያጠፋ ሌላው ይገታዋል እያልኩ የዚህን ወረዳ ግማሽ ሕዝብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የቀድሞ ተማሪዎቼ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ስለዚህ ትምህርት ላለማንሣት ሲጠነቀቁ አያለሁ፤ ልጆቹ ጨዋ ሆነው አድገዋል።

የመጣሁበት ጉዳይ የወንድሜ የአርለን ቤት ነው። አርለን የሚያርሰው በአሽ ወንዝ ዳር፣ ከግድቡ በታች ነው። ግድቡን የሚያስተዳድረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከበላይ ያለው ሐይቅ ሲሞላ፣ በዳርቻው የተሠሩት የጀልባ ማሰሪያዎች እንዳይሰጥሙ ብሎ ውኃውን በአንድ ጊዜ ይለቀዋል። የተለቀቀው ውኃ ወንድሜ ዘንድ ሲደርስ አፈሩን እየናደ ያልፋል። የዶሮ ቤቱ ሄዷል፤ የፖም ዛፎቹም ሄደዋል። አሁን ወንዙ ከማእድ ቤቱ መስኮት ሥር ደርሷል። አርለን ካሳ አልጠየቀም፤ ውኃው ቀስ እየተባለ ይለቀቅልኝ ነው የሚለው። የምንለምነው ይህችኑ ነው፤ ቅሬታዎቼም ከዚህችው የወጡ ናቸው።

አንደኛ፣ ዝምታ ምን ያህል ሕጋዊ እንደሆነ ስላስተማሩን እናመሰግናለን። ወንድሜ ክስ ሳይመሠርት በፊት የግድቡ መሥሪያ ቤት አንዳንዴም ቢሆን መልስ ይሰጥ ነበር፤ አንድ መሐንዲስም መጥቶ ገደሉን አይቶ፣ ራሱን ነቅንቆ ሄዷል። ውኃው በአንድ ጊዜ እንዳይለቀቅ የእግድ ትእዛዝ ይሰጠኝ ብሎ በፌዴራል ፍርድ ቤት ከከሰሰ ወዲህ ግን አፍ ሁሉ ተዘጋ። መሥሪያ ቤቱ፣ ጉዳዩ በፍርድ ቤት የተያዘ ስለሆነ አስተያየት አንሰጥም አለ። ዋይት ሐውስም በማሽን በተፈረመ ደብዳቤ ይህንኑ አለ። የእርስዎ ቢሮ ሠራተኛ የሆኑት ሚስ ካሊስታም በስልክ እንዲህ አሉኝ፦ «እሜቴ፣ እኛኮ ሕግ አውጪ ነን። ፍርድ ቤት የያዘውን ነገር ብንነካ የሥልጣን ክፍፍሉን ጣሳችሁ እንባላለን። ደግሞ አይዞዎት፣ ዳኛው ያይልዎታል።» ይህን ለአርለን ስነግረው ቡናውን አስቀምጦ፣ «እሺ፣ ወንዙንስ ማን ያስተምረው፣ ይሄን የሥልጣን ክፍፍል?» አለኝ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የወንድሜ ግድግዳ ግን ይነቅዛል።

ሁለተኛ፣ ያይልዎታል የተባልኩት ዳኛ አለመኖሩን እንዳውቅ ስለረዱኝ እናመሰግናለን። የቀድሞው ዳኛ በጡረታ ከወጡ ወዲህ ወንበራቸው ባዶ ነው። መዝገቡ የተመራላቸው የሌላ ከተማ ዳኛ ደግሞ ገና ፋይሉን ሲከፍቱ፣ «በሐይቁ ዳር የጀልባ ማሰሪያ ስላለኝ አድልዎ እንዳይመስል» ብለው ከችሎቱ ተነሡ። እኚህን ሰው አመሰግናቸዋለሁ፤ ይህኛው ምስጋና የእውነት ነው። ፕሬዚዳንቱም ለባዶው ወንበር አንዲት የተከበሩ የሕግ ሰው አጩልን። ደስ አለንና ዶሪን ካፌ ገብተን ጣፋጭ ፓይ በላን። ለካ ደስታው ችኮላ ኖሯል።

በእናንተ በሴናተሮቹ ዘንድ አንድ ልማድ እንዳለ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ለአንድ ክፍለ ሀገር ዳኛ ሲታጭ፣ ለዚያው ክፍለ ሀገር ሴናተሮች ሰማያዊ ወረቀት ይላካል፤ ሴናተሩ «ተቃውሞ የለኝም» ብሎ ካልመለሳት በቀር ሹመቱን የሚመረምረው የሴኔቱ ኮሚቴ ዕጩዋን አይነካትም። ይህችን ወረቀት ፍለጋ ሕገ መንግሥቱን ከመጀመሪያው አንቀጽ እስከ መጨረሻው ማሻሻያ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የለችም። ሳስተምር የኖርኩት ሦስት የመንግሥት አካላት እንዳሉ ነበር፤ አራተኛው አካል የእርስዎ የጠረጴዛ መሳቢያ መሆኑን ሳልነግራቸው ያስመረቅኳቸውን ልጆች ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሌላኛዋ ሴናተራችን የድርሻቸውን ወረቀት ከመለሱ ቆይተዋል። የእርስዎ ግን መሳቢያዎ ውስጥ ተኝታ እስካሁን አልተመለሰችም፤ እንቢም አላሉ፣ እሺም አላሉ።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎ እንዳይቀየሙኝ እፈራለሁ። እኔ ሰው በከንቱ የምጠረጥር ሴት አይደለሁም። ነገር ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና፣ አንድ እሑድ ወደ ሐይቁ ወጣ ብዬ ነበር። ከሁሉም ረጅሙ የጀልባ ማሰሪያ፣ ባንዲራ የተተከለበት፣ የማን እንደሆነ ዓሣ አጥማጁን ብጠይቀው፣ «አታውቂም እንዴ? የፔኒቤከር ነዋ!» አለኝ። ዳኛን ከችሎት ያስነሣ ማሰሪያ ሴናተርን ከመሳቢያው አያስነሣም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ደንብ ለእናንተ እንዳልወጣ አውቃለሁ፤ ደንቡን የምታወጡት እናንተው ናችሁና።

በዶሪን ካፌ የሚወራውን እንኳ እኔ እየተከላከልኩልዎት ነው። ዶሪን ራሷ ቡና እየቀዳች፣ «ሰውዬው ወረቀቷን የቀበራት ለጀልባው ብሎ ነው እንጂ ለምኑ ነው?» ትላለች። የመኖ ነጋዴው ክላይድ ይቀበላትና፣ «ተይ እንጂ፣ አንድ ዳኛ በአንድ ጀልባ? ከሆነማ ሰውዬው ርካሽ ነው» ይላል። እኔም እንደ አስተማሪነቴ፣ ማስረጃ ሳትይዙ የሰው ስም አታጥፉ ብዬ ተቆጣኋቸው። ዶሪን ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ማስረጃውንማ ዳኛ ነው የሚያየው፤ ዳኛው የታለና?»

ሦስተኛ፣ በዋሽንግተን ስላደረጉልኝ መስተንግዶ እናመሰግናለን። ሴኔቱ ለዕረፍት ሲበተን ፕሬዚዳንቱ በራሳቸው ሥልጣን ጊዜያዊ ሹመት መስጠት እንደሚችሉ አስተምር ስለነበር፣ ዕረፍታችሁን ከእናንተ በላይ የናፈቅሁት እኔ ነበርኩ። ዕረፍቱ ደረሰ፤ ሁላችሁም ወደየቤታችሁ ሄዳችሁ። ሆኖም ሴኔቱ አልተበተነም፣ ስለዚህ ጊዜያዊ ሹመትም የለም አሉን። ሰው ሳይኖርበት እንዴት ያልተበተነ ይሆናል ብዬ፣ የእህቴ ልጅ እዚያው ስለምትኖር እሷን ልጠይቅም ብዬ በአውቶቡስ ሄድኩና ከላይ ለተመልካች በተመደበው ቦታ ተቀመጥኩ። ወንበሮቹ ሁሉ ባዶ ነበሩ። አንድ ሴናተር ብቻቸውን ገብተው፣ መዶሻውን አንሥተው አንድ ጊዜ መቱና ስብሰባው ተከፍቷል አሉ፤ ዳግመኛ መቱና ተዘግቷል ብለው ወጡ። መነጽሬን እስክወለውል ነገሩ አለቀ። ዘበኛው፣ «እናቴ፣ ይውረዱ፤ አልቋል» አለኝ። «ምኑ ነው ያለቀው?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ስብሰባው ነዋ!» አለኝ፤ እሱም እየሳቀ።

ክቡርነትዎ፣ እኚያ ሴናተር እርስዎ ነበሩ። ከደረጃው ላይ ሆኜ ወዲያው ለቢሮዎ ስደውል ሚስ ካሊስታ በዚያ በሚያምር ድምፃቸው፣ «ሴናተሩ አሁን ስብሰባ ላይ ናቸው» አሉኝ። ሕግ አክባሪ በመሆኔ እውነት ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ማልቀሴንም አልደብቅዎትም፤ ወንድሜ በዚያች ሰዓት የማእድ ቤቱን ምድጃ ከወንዙ ለማሸሽ ወደ ሳሎን እየገፋ ነበር።

አራተኛው ቅሬታዬ ስለ ተወካዮች ምክር ቤት ነበር። የእኛ ተወካይ ግን የዳኛ ሹመት የሴኔት ሥራ እንጂ የእኔ አይደለም ብለው በትሕትና ስለመለሱልኝ፣ እውነታቸውንም ስለሆነ፣ ቅሬታውን ትቼዋለሁ። ሁሉም እውነታቸውን ነው። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ አንድም ሰው ሕግ ሳይጥስ ቤት ሊፈርስ ነው።

ስለዚህ የምለምንዎ እሺ እንዲሉ እንኳ አይደለም። ዕጩዋን ካልወደዷት እንቢ ይበሉና ስምዎን ይጻፉበት፤ ፕሬዚዳንቱ ሌላ ሰው ይፈልጉልናል። እንቢታ መልስ ነው፤ መልስ ያገኘ ሰው ቢያንስ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። አርለን ግን ማታ ማታ ባትሪ ይዞ ወጥቶ ከገደሉ ጫፍ ቆሞ ውኃውን ያያል፤ እኔም እሱን አያለሁ፤ ሁለታችንም ፈርተናል።

ለተከበረው ወንበርዎ፣ ለተከበረው መሳቢያዎና ለማይደክመው ክንድዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ካስተማርኩት ትምህርት ግማሹን ለማረም በዚህ ዕድሜዋ የተገደደች፣ በየምርጫው ሳትቀር የምትሰለፍና ወደፊትም የማትቀር፣ ታማኝ ዜጋዎ

ማርሊስ ትቬት
ክሮው ቤንድ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣው ልሰጥ ስል የጀልባው ወቅት የሚከፈትበት በዓል ደረሰና ውኃው ተለቀቀ። ቅዳሜ ጠዋት ማእድ ቤቱ፣ ከሰዓት በኋላ የቀረው ቤት ወንዝ ገባ። አርለንና ውሻው ደኅና ናቸው፤ እኔ ቤት ናቸው። ሰኞ ዕለት የመሥሪያ ቤቱ ጠበቃ ለፍርድ ቤቱ አመልክተዋል፦ ከሳሽ ይጠበቅልኝ ያለው ቤት በአሁኑ ጊዜ ስለሌለ የሚታገድ ነገር አልቀረም፣ መዝገቡ ይዘጋልን ይላል ማመልከቻቸው። መዝገብ ለመዝጋትም ዳኛ ያስፈልጋል። እንግዲህ ዳኛ የቸገረው ወንድሜ አይደለም፤ መንግሥት ራሱ ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳልጠራጠር እጽፍልዎታለሁ፦ ሰማያዊዋ ወረቀት በዚህ ሳምንት ከመሳቢያዎ ትገኛለች።