የሆዳን ጎመንና መጋዝ ዝንቡ

ሰኞ

ጉድ ፈላ! የቢሮ ጠረጴዛዬ ላይ የረሳሁት ባዶ የማር ብልቃጥ ውስጥ ዝንቦች ይርመሰመሳሉ። ጥቁር ራስ፣ ብርቱካንማ ሆድ። ከገበሬዋ ከሆዳን ጎመን ለቅሜ ከአፈር ጋር ያስቀመጥኳቸው ትሎች ዝንብ ሆነዋል። አባጨጓሬ ነው ብያት ነበር። ታዲያ ቢራቢሮው የታለ?

ደክሞኛል። ነገ አየዋለሁ።

ማክሰኞ

መጽሐፍ ገለጥኩ። መጋዝ ዝንብ ነው። ሴቷ ሆዷ ጫፍ ላይ መጋዝ መሳይ ነገር አላት፤ ቅጠሉን ሰንጥቃ እንቁላሏን ውስጡ ትደብቃለች። ትሉ ሲጠግብ አፈር ውስጥ ገብቶ፣ ራሱን ጠቅልሎ ይተኛል፤ በኋላ ዝንብ ሆኖ ይወጣል። ሆዱ ሥር ያሉትን እግሮች ብቆጥር ኖሮ አውቀው ነበር፦ አባጨጓሬ ቢበዛ አምስት ጥንድ፣ ይሄ ስምንት። ማን ይቆጥራል! መነጽሬን እንኳ አላወጣሁም።

ለሆዳን የሰጠኋት መድኃኒት አባጨጓሬን እንጂ ይሄን አይገድልም። ትሎቹ ሲጠፉ "ኤዶ፣ ተገላገልሽ!" አልኳት። (እንደ አክስቴ ስለማያት በሶማሊኛ ኤዶ ነው የምላት።) ለካ ወርደው ተኝተዋል። አሁን እኔን አምነው እሷና ሁለት ጎረቤቶቿ ሐሙስ እዚያው መደብ ላይ አዲስ ችግኝ ሊተክሉ ነው። ሌላ ዘር የላቸውም።

ለአለቃዬም "ተባዩ ጠፍቷል" ብዬ ጽፌያለሁ። ወይ እኔ!

ረቡዕ

ጅግጅጋ ከተማ ዳር ወዳለው የሆዳን ማሳ ሄድኩ። ስለ ንፋሱ አወራሁ፣ ስለ ቶጎጫሌ መንገድ አወራሁ። በመጨረሻ አፈሩን ጫር ጫር አድርጌ የተጠቀለሉትን አሳየኋት።

"ተሳስቻለሁ ኤዶ። ነገ አትትከሉ።"

አንዱን አንስታ መዳፏ ላይ አገላበጠችው። ከዚያ፣ "ወላሂ፣ አንቺ ደሞዝ አለሽ። እኛ ምን አለን?"

እውነቷን ነው። አፈርኩ።

ሐሙስ

አልተከሉም። አንደኛዋ ጎረቤት ሰላምታዬን አልመለሰችም።

ሪፖርቱን አስተካክዬ ሰጠሁ። አለቃዬ "ጠፍቷል ካልሽ ጠፍቷል ነው፣ ምን ነካሽ?" አለኝ። ወረቀቱን እፊቱ ትቼ ወጣሁ።

ቅዳሜ

ትናንት ጁምዓ ነበር፣ አላስቸገርኳቸውም። ዛሬ አሮጌውን ጎመን ነቅለን አፈሩን ገለበጥን። ዶሮዎቿ የተጠቀለሉትን እየለቀሙ ጠገቡ። ገና ያልተተከለው ችግኝ ላይ ዝንብ እንዳያርፍ ምን እናልብሰው ስል፣ ሆዳን ገብታ አሮጌ ድሪዕዋን ይዛ ወጣች፤ ለሠርግ የሚለበሰውን ያን ስስ ቀሚስ። ጎረቤቶቿም የየራሳቸውን አመጡ። ወገቤ ተቆረጠ።

"ለመትከል ሁለት ሳምንት እንጠብቅ" አልኩ።

"ከዚያ በኋላ ተባዩ ያልቃል?" አለች ሆዳን።

ዘጠኝ ዓመት ጅግጅጋ የሰብል ባለሙያ ሆኜ ለገበሬ ያላልኩትን ቃል አልኩ፦ "አላውቅም ኤዶ።"

ለጎረቤቶቿ በሶማሊኛ ነገረቻቸው። ተያዩ። ያቺ የዘጋችኝ ሴትዮ የቀሚሱን ጫፍ በድንጋይ ያዘችና፣ "እሺ፣ እንጠብቃለን" አለችኝ።