ወንዙን ማን አሻገረኝ

ሲያትል፣ መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፹፰ ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለዘመድኩን፣

የሚኒያፖሊስ ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላው አካሌ ይታዘዘኛል። የአክስትህ ልጅ አማረና ባለቤቱ ሾርላይን ባለው ቤታቸው በደንብ ይዘውኛል። ልጆቻቸው በአማርኛ ስጠይቃቸው በእንግሊዝኛ ይመልሱልኛል፤ እኔም በአማርኛ እስኪደግሙት ድረስ አልሰማኋችሁም እላቸዋለሁ።

በሳምንት ሁለት ቀን ወደ ከተማ ወርጄ ለአዛውንት የሚሰጠውን የእንግሊዝኛ ትምህርት እከታተላለሁ። አጠገቤ የምትቀመጠው ወይዘሮ ቼን የምትባል ቻይናዊት ናት፤ እንደ እኔው ጡረታ የወጣች አስተማሪ። ቋንቋ ሲያጥረን የአገሯን ፊደል መዳፌ ላይ በጣቷ ትስልልኛለች። ቻይናዎች ብዙ ነገር በድልድይ እየመሰሉ ይናገራሉ። ሽማግሌ ወጣቱን ሲገሥጽ፣ አንተ ከሄድህበት መንገድ እኔ የተሻገርሁት ድልድይ ይበዛል ይለዋል አለችኝ። ይህችን ወዲያው ወደድኋት። ሳላውቃት ያን ሁሉ ዘመን ማስተማሬ ቆጨኝ።

ሌላም አለ፤ በአራት ፊደል ብቻ የሚጻፍ። ወንዙን ከተሻገረ በኋላ ድልድዩን የሚያፈርስ ሰው፣ ውለታ ቢስ ማለት ነው። ስሰማው አንተን አሰብሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት ሐያን ላገባ ነው ስትለኝ፣ በሃይማኖት የማትመስለንን ልጅ አምጥተህ አዋረድኸኝ፣ ውለታ ቢስ ብዬህ ሻንጣዬን ይዤ ከቤትህ ወጥቼ የለ? እናም አራቱን ፊደላት አሳምሬ ጽፌ ልልክልህ ተነሣሁ። ሁለት ሳምንት ተለማመድሁና እንድታርምልኝ ለወይዘሮ ቼን ሰጠኋት።

«ለማን ነው?» አለችኝ።

«ለልጄ።»

«ምን አድርጎሽ?»

ነገርኋት። ብቻዬን እንዳሳደግሁህ፣ በአስተማሪ ደመወዝ እንዳስተማርሁህ፣ ሠርግህ ላይም እንዳልተገኘሁ።

«እዚህ አገር ማን አመጣሽ?»

«እሱ።»

«አውቶቡስ መሳፈር ማን አስተማረሽ?»

ወረቀቴን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ።

«ጽሕፈትሽ ጥሩ ነው፣ አስተማሪ» አለችኝ ወረቀቱን እየመለሰችልኝ። «አድራሻው ግን ተሳስቷል።»

አርባ ዓመት ሰው ሳርም ኖሬ እኔን እንዲህ ያረመኝ የለም።

ያኔ አንተ ዘንድ ሳለሁ ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ሥራ ከመግባትህ በፊት አብረኸኝ ስትሳፈር፣ የመውረጃውን ደወል ራሴ እንድስብ ብለህ ከኋላዬ ወንበር ላይ ትቀመጥ ነበር። የምወርድበትን ባልፍ እንኳ አትናገርም። አብረኸኝ ታልፍና አብረን በእግር እንመለሳለን። አንድ ቀን በዝናብ። እኔም ብቻዬን መሄድ በቻልሁ በወሩ ነው ጥዬህ የወጣሁት።

ልጅ መውለዳችሁን አማረ ነግሮኛል። ስሟን አልጠየቅሁትም፤ ከአንተ አፍ ልሰማው ብዬ ነው።

ከፈቀዳችሁ ልመጣ አስቤአለሁ። የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ ሰኞ ሚያዝያ ፲፬ በአውቶቡስ ተነሥቼ ረቡዕ እደርሳለሁ። ሐያ በር ስትከፍትልኝ ምን እንደምላት ጨነቀኝ ብዬ ወይዘሮ ቼንን ባማክራት፣ ጀልባ ድልድዩ ዘንድ ሲደርስ በራሱ ይቃናል አለችኝ።

«ቀዛፊ ከሌለው አይቃናም» አልኋት።

«ታዲያ አንቺ ምንድን ነሽ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ለሕፃኗ ሹራብ ሠርቼአለሁ። አንድ መስመር ስለተበላሸብኝ ሁለት ጊዜ ፈትቼ ነው የጨረስሁት። ለሐያ ምን ይዤ እንደምመጣ ግን አንተ ጻፍልኝ። የምትወደውን አላውቅም፤ ጠይቄያትም አላውቅ።

እግዚአብሔር ቤታችሁን ይጠብቅ፣ ልጃችሁን ያሳድግላችሁ። የሐያንም ጸሎት ይስማ።

አማረ አብሬሽ ልሂድ ቢለኝ እምቢ ብየዋለሁ፤ መንገድ አስተምረኸኛልና። ዛሬም ቢሆን ግን አውቶቡስ ስገባ ከኋላዬ ያለውን ወንበር ሳላይ አልቀመጥም።

እናትህና የልጅህ አያት፣
ማንአልሞሽ