የካባው ሐይቅ

ሰኞ

ልጄ ዛሬም እግሯን መሬት አላስነካችም። ጀሶው ከተፈታ አሥራ አንድ ቀን ሆነ። ይህን ደብተር የገዛሁት ሐኪሙ "ጉልበቷ በየቀኑ ስንት ጊዜ እንደታጠፈ ጻፍልኝ" ስላለኝ ነው። ጠዋት ስምንት ጊዜ፣ ማታ ዜሮ። ማታ አለቀሰች፤ ተውኩት።

አጥንቱ ገጥሟል ይላል ሐኪሙ። የቀረው የእሷ መነሳት ነው። እንዲህ ተኝታ ከከረመች ጉልበቷ ይደርቃል፣ እንዳነከሰች ትቀራለች ብሎናል። ኢማን አሥር ዓመቷ ነው። ያለችን እሷ ብቻ ናት።

ሚኒባሴን ይዤ ከመገናኛ መሪ ሰፈር ስመላለስ ዋልኩ። ለኮንዶሚኒየሙ ድንጋይና አሸዋ የሚያመላልሱት የጭነት መኪኖች መንገዱን አቧራ በአቧራ አድርገውታል። ዓይኔ ቀልቷል። ወገቤ የራሴ አይመስለኝም።

አንድ ደህና ነገር፦ መገናኛ ተራ ስጠብቅ፣ መሬት ላይ አሮጌ መጻሕፍት ከሚዘረጋው ሰውዬ ዘንድ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ያነበብኩትን መጽሐፍ አገኘሁ። ሽፋን የለውም፤ የመጀመሪያውን ገጽ እንዳየሁ ግን አወቅኩት። ወንድምና እህት፣ ተራራ ውስጥ የተደበቀ ሐይቅ ፍለጋ ከቤት ይጠፋሉ። ያኔ ትምህርት ቤታችን ውስጥ አንድ ቅጂ ብቻ ስለነበረ ወረፋ ይዘን ነው ያነበብነው። ለኢማን ሳሳያት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እራት ከበላን በኋላ ግን "እስቲ አንብብልኝ" አለች።

ማክሰኞ

ጠዋት አሥር፣ ማታ ስድስት።

ሁለት ምዕራፍ አነበብኩላት። ባለቤቴ ሰሚራ ሾላ ገበያ ካለው ሱቋ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ቁጭ ብላ ትሰማ ነበር፤ መሃል ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ልጆቹ ወደ ሐይቁ የሚገቡት ተደጋግፈው በበቀሉ ሁለት ዛፎች መሃል ነው። ከዚያ ቀይ ገደል አለ፣ ከገደሉ ሥር አረንጓዴ ውሃ።

"እንዲህ ያለ ቦታ እውነት አለ?" አለችኝ ኢማን።

ሳላስብ "አለ፤ እዚሁ የካ፣ ከኛ ቤት በላይ" አልኳት።

አልዋሸሁም። ከጫካው በታች ድንጋይ ሲወጣበት ኖሮ የተተወ ካባ ነበር። ክረምት የሞላው ውሃ በጋውን ሁሉ አይደርቅም። መጽሐፉን ያነበብን የሰፈር ልጆች ሐይቁ ያ ነው ብለን ተስማምተን ነበር። የተደጋገፉ ባሕር ዛፎችም ነበሩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ቆሎ በኪሳችን ይዘን እንወጣ ነበር። ውሃው ወለል አለው የለውም ብለን ተደባድበንበታል።

"አሳየኝ" አለች። ከወደቀች ወዲህ ከቤት ልውጣ ስትል ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ሌላውንም ልጻፈው። ኢማን የወደቀችው ለሰው እንደተናገርኩት አይደለም። ያን ቀን ከትምህርት ቤት ይዣት ስመጣ፣ መቆም በማይፈቀድበት ቦታ ላወርዳት ፍጥነት ቀነስኩ። ከፊት ትራፊክ ሲመጣ አየሁ። "ዝለይ! ቶሎ በይ!" ብዬ ጮህኩባት። መኪናው ገና አልቆመም። ዘለለች፤ ክፍት ቱቦ ውስጥ ገባች። እግሯ ከጉልበቷ በላይ ተሰበረ። ለሰሚራ "ስትወርድ አደናቅፏት ነው" አልኳት። ኢማን አጠገባችን ተኝታ ነበር፣ ሰምታኛለች። ምንም አላለችም። እስከ ዛሬም አላለችም።

ረቡዕ

ምሳ ሰዓት መኪናውን አቁሜ ካባውን ላየው ወጣሁ። ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ አረፍኩ። ያገኘሁት ይሄ ነው፦

ሁለቱ ዛፎች የሉም። ጉቷቸውን እንኳ አጣሁት። በቦታቸው የቆርቆሮ አጥር ቆሟል።

መጽሐፉ ውስጥ ልጆቹ ሐይቁን መጀመሪያ የሚያዩበት መመልከቻ ነው ያልነው ትልቅ ድንጋይ አለ። ግን የሰው ግቢ ውስጥ ገብቷል። አንሶላ ተዘርግቶበታል።

ቀዩ ገደል፣ ግማሹ አለ። ግማሹ ላይ የግንባታ ፍርስራሽ ደፍተውበታል።

ሐይቁ ከሁለት ሚኒባስ አይበልጥም። አንዲት እናት ዳሩ ላይ ምንጣፍ ያጥባሉ።

"ልጄን ላመጣት ነበር" አልኳቸው። ለምን እንደነገርኳቸው አላውቅም።

"እዚህ? ምን ልታይ?" አሉኝ። አዝነውልኝ መሰለኝ "በዚያኛው ወገን ግን ንጹሕ ነው፤ ምንጭ አለው" አሉ።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ድሮም ይህችን ታህል ነበረች? እዚህች ላይ ነው እንዴ መርከብ የሠራንላት? ወደ ሥራ መመለስ አስጠላኝ፤ ተመለስኩ።

ማታ ስድስት ጊዜ። ስለ ሐይቁ አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም።

ሐሙስ

ፍሬኑ አስቸገረኝ። ጋራዥ ዋልኩ። ራሴን ያመኛል።

ጠዋት አልሠራንም። ማታ አሥራ ሁለት፣ ሳታለቅስ!

"መቼ ነው የምንሄደው?" አለች። መዋሸት ሰለቸኝ። ዛፎቹ እንደተቆረጡ፣ ድንጋዩ የሰው ግቢ እንደገባ፣ ሐይቁም ሐይቅ እንዳልሆነ አንድ በአንድ ነገርኳት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር።

"ውሃ ግን አለው?"

"አለው።"

"ከገደሉ ሥር ነው?"

"ከሥሩ ነው።"

"እንግዲያው እሱ ነው" አለችና መጽሐፉን ራሷ ገለጠች።

ዓርብ

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ወሰድኳት። መኪና እስከሚገባበት በመኪና፣ ከዚያ አዘልኳት። ክራንቾቹን እሷ ይዛ በየእርምጃው ጉልበቴን ትመታኛለች። ተኝታ ስለከረመች ነው መሰለኝ ከብዳለች። ወይም እኔ ደክሜያለሁ።

የቆርቆሮው አጥር ጋ ስንደርስ "ዛፎቹ እዚህ ነበሩ?" አለች። "እዚህ ነበሩ" አልኳት። ቅርንጫፍ እንዳይመታት ይመስል አንገቷን ዝቅ አደረገች። እኔም ጎንበስ ብዬ አለፍኩ።

ውሃውን ከዳር እስከ ዳር አየችው። ዛሬ ምንጣፍ የሚያጥብ የለም።

"አባ፣ መጽሐፉ ላይ ያለው ይበልጣል።"

"በጣም ይበልጣል።"

"ልንካው።"

ድንጋይ ላይ አስቀምጫት ስለነበር ላነሳት ጎንበስ አልኩ። "ተው፣ እኔው" አለች። ክራንቾቹን ብብቷ ሥር አደረገች። ውሃው ሦስት እርምጃ ይርቃታል።

"ቶሎ በይ እንዳትለኝ።"

"አልልሽም።"

"ብቆይም?"

"እስኪመሽ ብትቆዪም።"

ቆመች። የታመመው እግሯ መሬት ነካ። ፊቷ ተጨማደደ። አንድ። እጄን ዘርግቻለሁ፣ አልነካኋትም። ሁለት። ሦስተኛው መራመድ አይባልም፣ ወደቀች ማለት ይሻላል፤ ግን ውሃው ዳር ነው የወደቀችው። እጇን ነከረችና ውሃ ረጨችብኝ። ሳቀች። ድምፁን ረስቼው ነበር።

ስንመለስ ከጀርባዬ ላይ "ለእማ ለምን አልነገርካትም?" አለችኝ።

"ፈርቼ" አልኳት።

"እኔ ደግሞ እንዳትጣሉ ብዬ ነው።"

መኪናው ጋ ደረስን። ከሁለት ወር በላይ ይህን ይዛ ነው የተኛችው። የማትነሳው እግሯን አሟት ብቻ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ

ነገርኳት። ጠዋት ሰሚራ ወደ ሱቅ ለመውጣት ስትለባበስ። ትራፊኩን፣ ጩኸቴን፣ መኪናው አለመቆሙን። ትጮህብኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

"ጫማው አይደለማ?" አለች።

አልገባኝም። ለካ ያን ሰሞን ለኢማን አዲስ ጫማ የገዛችላት እሷ ናት፤ ታድግበታለች ብላ አንድ ቁጥር አስበልጣ። እኔ "አደናቀፋት" ስላት፣ ያ ጫማ ነው ብላ ይህን ሁሉ ጊዜ ራሷን ስትረግም ኖራለች። ጫማውን ወስዳ ጥላዋለች። ለኔ አልነገረችኝም። እኔም ጫማው የት ገባ ብዬ አልጠየቅኳት።

"ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ሳለቅስ አላየኸኝም?" አለች። አይቻታለሁ። ለልጇ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር አልኳት። ሻርፗን አደረገችና ወጣች።

ቀኑን ሙሉ አልደወለችም። ሥራ ላይ ሁለት ጊዜ ወራጅ ከመውረጃው አሳለፍኩ፤ ተሰደብኩ። ይገባኛል። ማታ ገብታ ከኢማን ጋር ተኛች።

ጠዋት አሥራ አምስት። የማታውን እናቷ ናት ያሠራቻት፤ ስንት እንደሆነ አላውቅም።

እሁድ

መኪናዋን አላወጣኋትም። በረንዳው ላይ ተቀምጬ አረፈድኩ። ከውስጥ ሰሚራ መጽሐፉን ስታነብላት ይሰማኛል፤ እኔ ካቆምኩበት ነው የቀጠለችው። ከዚያ ንባቡ ቆመ። አልጋው ተንቋቋ። "ያዥኝ።" "ይዤሻለሁ።" ክራንቹ ሲሚንቶው ላይ ጠቅ፣ ጠቅ አለ። ልነሳ ብዬ ተውኩት።

ብቅ አሉ። ኢማን በካልሲ ናት፤ አንድ እጇ እናቷ ትከሻ ላይ፣ በሌላው ክራንች። ከአልጋ እስከ በር ሰባት እርምጃ ነው፤ ኢማን ናት የነገረችኝ።

"አባ፣ ለእማ መመልከቻውን ድንጋይ እናሳያት" አለች።

"የሰው ግቢ ነው እኮ።"

"እናንኳኳለና!"

ሰሚራ ወደኔ አላየችም፣ እንቢም አላለችም። ልጅቷን አግዳሚው ላይ ካጠገቤ አስቀመጠቻት፤ እግሯን ቀስ አድርጋ ዘረጋችላት። ገባች፣ በብርጭቆ ሻይ አምጥታ መሃላችን አኖረች፣ ደግሞ ገባች። የማን እንደሆነ ስላልገባኝ ሳልነካው ቆየሁ። ኢማን ታወራለች፦ ድንጋዩ ያለበት ግቢ ውሻ ይኖረው ይሆን፣ ሰዎቹ መጽሐፉን አንብበውት ይሆን። እኔ በሩን በሩን አያለሁ።

ሰሚራ የልብስ መዘፍዘፊያውን ይዛ ስታልፍ ቆመች።

"ሻይህ ቀዘቀዘ" አለችኝ።

ከትናንት ጠዋት ወዲህ የተናገረችኝ ይህን ብቻ ነው። አንስቼ ጠጣሁት። እውነትም ቀዝቅዟል።