በግራዝማች ወልደመስቀል ቤት ልጅ ያስተምሩ የነበሩት የመሪጌታ እሸቴ ሀብተጊዮርጊስ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ አፈር ልናለብሳቸው የተሰበሰብንላቸው መሪጌታ እሸቴ፣ ከአባታቸው ከቄስ ሀብተጊዮርጊስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፈጠነች በ1877 ዓ.ም. በቡልጋ ተወለዱ። ከእሳቸው በፊት የተወለዱት ልጆች በሕፃንነታቸው ስላለቁ፣ እናታቸው ከጀርባቸው ሳያወርዱ እንዳሳደጓቸው ራሳቸው ይናገሩ ነበር።

ፊደል የቆጠሩት ከአባታቸው እግር ሥር ነው። ዳዊት ከደገሙ በኋላ አኩፋዳቸውን አንግተው ከአገራቸው ወጡ፤ ቁራሽ እየለመኑ፣ ከውሻ እየተሟገቱ ዜማና ቅኔ ተማሩ። ትምህርቱ ያለ በትር አልነበረም። የቀኝ እጃቸው ትንሿ ጣት ተጣማ የቀረችው አንድ መምህራቸው መትተዋቸው ነው። እሳቸው ግን ቂም አልያዙም፤ «ጣቴን አጣመሙት፣ ዜማዬን አቃኑት» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ከ1926 ዓ.ም. ወዲህ ይህን ቀልድ ከአፋቸው የሰማ የለም።

በ1906 ዓ.ም. ወታደር የነበሩትን አጎታቸውን ተከትለው ወደ ወላይታ መጡ። በሶዶ በቤተ ክርስቲያን እያገለገሉ ሳለ ወይዘሮ ትርፌን በሥርዓት አገቡ፤ አንዲት ሴት ልጅ ሳህሊቱን ወለዱ። ወይዘሮ ትርፌ በ1911 ዓ.ም. በኅዳር በሽታ ሲሞቱ መሪጌታ ገና ጎልማሳ ነበሩ፤ ዳግመኛ ግን አላገቡም። ሕፃኒቱን ብቻቸውን አሳደጉ፣ ዳዊትም አስደገሟት። ጎረቤቶች «ለሴት ልጅ ዳዊት ምን ሊያደርግላት ነው?» ሲሏቸው፣ «ባሏ የሚያመጣውን ወረቀት ራሷ ታየዋለች» ብለው ይመልሱ ነበር። ወይዘሮ ሳህሊቱ ትዳር ይዘው ሲወጡ የመሪጌታ ቤት ባዶ ሆነ።

በ1922 ዓ.ም. ግራዝማች ወልደመስቀል ለአንድ ወንድ ልጃቸው ለቢያድግልኝ የቤት መምህር እንዲሆኑ ጠየቋቸው። ውሉ በሽማግሌ ፊት የተደረገ ነበር። መሪጌታ በግራዝማች ግቢ ውስጥ ቤት ይሰጣቸዋል፤ ከጌቶች ማዕድ ይመገባሉ፤ እንጨትና ውኃ በጉኑኖ በኩል የሚኖሩት ገባር አቶ ጦና ያመጡላቸዋል። እሳቸው በበኩላቸው ልጁ ዳዊት እስኪደግም ሌላ ተማሪ አይዙም፣ ከግቢውም አይለቁም። ግራዝማች ልጃቸውን ሲያስረክቡ የአባቶችን ቃል ተናገሩ፤ «ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ፣ ሌላው የእርስዎ ነው» አሉ። እናቱ ወይዘሮ የትምወርቅ በዚህ ቃል ፊታቸውን አዙረው እንደ ነበር ያዩ ይናገራሉ።

ቢያድግልኝ ያን ጊዜ ሰባት ዓመቱ ነበር። ፈጣን ልጅ ነበር፤ ሰነፍ አይባልም፣ መቀመጥ ብቻ አይሆንለትም። አንድ ቀን ጮክ ብሎ እያነበበ ሳለ በመካከል ቆም ብሎ፣ «የኔታ፣ ንጉሥ ዳዊት ራሱ ዳዊት ሲደግም ስንት ዓመቱ ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው። መሪጌታ በትሩን አንሥተው ነበር፤ ሳቅ አሸነፋቸውና መልሰው አስቀመጡት። ልጁንና መምህሩን የሚያውቁ ሁሉ አባትና ልጅ ይመስሉ እንደ ነበር ይመሰክራሉ። ማታ ማታ ልጁ የመምህሩን እግር ያጥብ ነበር፤ እሳቸውም የአዳኝና የቅዱሳን ታሪክ ያወሩለት ነበር።

ነገር ግን ልጁ መኮብለል ለመደ። የሚሄደው ጉኑኖ፣ ወደ አቶ ጦና ቤት ነው፤ እንሰቱ መካከል ከልጆቻቸው ጋር ሲጫወት ይውልና ሰው ተልኮ ያመጣዋል። በ1926 ዓ.ም. ግራዝማች ከፋሲካ በኋላ ልጁን ወደ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ሊልኩት ስላሰቡ፣ ዳዊቱን በቶሎ እንዲጨርስ አጥብቀው አዘዙ። ኮብላይ ተማሪ በእግር ብረት መታሰሩ የቆየ ልማድ ነው፤ መሪጌታም በተማሪነታቸው ታስረው ያውቃሉ። ወይዘሮ የትምወርቅ ተቃወሙ። «ልጄ ሽፍታ ነው ወይ?» አሉ። ግራዝማች ብረቱን ራሳቸው አስመጡ፤ ሰንሰለቱ ከመምህሩ ቤት ምሰሶ ጋር ተያያዘ። መሪጌታ ወይዘሮዋን ሲያጽናኑ፣ «እመቤቴ፣ ቁልፉ ከእኔ ወገብ አይለይም፤ ዳዊቱን የጨረሰ ዕለት በእጄ እፈታዋለሁ» አሏቸው። ጠዋት ያስሩታል፣ ለምሳና ለማታ ይፈቱታል። ልጁም ብረቱን ለመደው፤ ለአቶ ጦና «በቅሎ ሆኛለሁ፣ ገለባ አምጡልኝ» ይላቸው ነበር።

በየካቲት ወር አንድ አሮጌ ወታደር በሰፈሩ ሞቱና ዳዊት እንዲደግሙላቸው መሪጌታ ተጠሩ። ጠዋት ነበር። ልጁን የሚያጠናውን አሳይተው፣ ቁልፉን በመቀነታቸው እንደ ቋጠሩ ሄዱ። ዳዊት አሥር አሥር መዝሙር እየሆነ ንጉሥ በሚባል ክፍል እንደሚከፈል ምእመናን ያውቃሉ። መሪጌታ ከመምህሮቻቸው የተቀበሉት ሥርዓት በሬሳ ራስጌ የተጀመረ ንጉሥ ሳይፈጸም እንዳይቋረጥ ያዝዝ ነበር፤ ቢቋረጥ የሟች ነፍስ በመንገድ ትቆማለች ይባላል። አንዱን ንጉሥ እንደ ጀመሩ ከሩቅ ጩኸት ሰሙ። «እሳት!» የሚለውንም ቃል ለይተው ሰሙ። በዚያ ወራት ገበሬው ደረቅ ሣር ስለሚያቃጥል ይህ ጩኸት በየቀኑ የሚሰማ ነበር። አልተነሡም። ንጉሡን እስከ መጨረሻው ደግመው፣ መጽሐፉን አጥፈው ወጡ።

እሳቱ የተነሣው ከግራዝማች ማድ ቤት ነው፤ ነፋሱ ከዳሞት ተራራ በኩል እየወረደ በመምህሩ ቤት የሣር ክዳን ላይ ጣለው። ግራዝማች ቦዲቲ ሄደው ነበር፤ ወንዶቹ ከብት ሊያወጡ ተሯሯጡ፤ ልጁ መታሰሩን መጀመሪያ ያሰቡት እናቱ ናቸው። አቶ ጦና እንጨት ተሸክመው በዚያች ሰዓት ደረሱ። መጥረቢያቸውን ይዘው ገቡ፤ ሰንሰለቱ አልበጠስ ሲላቸው ምሰሶውን መቁረጥ ያዙ። ጣራው ወረደ። እሳቸውን እጃቸውና ትከሻቸው ተቃጥሎ ጎትተው አወጧቸው። መሪጌታ ቁልፉን በእጃቸው ይዘው ሲደርሱ የሚፈታ አልነበረም። ቢያድግልኝ ወልደመስቀል በተወለደ በአሥራ አንድ ዓመቱ ዐረፈ።

ከቀብሩ በኋላ ሽማግሌዎች ሲቀመጡ መሪጌታ ጩኸቱን መስማታቸውንና አለመነሣታቸውን ራሳቸው ተናገሩ። አንድ ሽማግሌ ደንግጠው፣ «መሪጌታ፣ ማን ጠየቀዎ? አልሰማሁም ቢሉ ማን ያውቅብዎታል?» አሏቸው። እሳቸውም «የሰማሁት እኔ ነኝ» ብለው መለሱ። ግራዝማች «ብረቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ክስ የለኝም» ብለው ተነሡ። ወይዘሮ የትምወርቅ ግን ከመጋረጃ ወዲያ ሆነው፣ «እኔም አልከስም። ይቅርም አልልም። ሁለቱንም ከእኔ አትጠብቁ» አሉ።

መሪጌታ ከዚያ ቤት ወጥተው ሄዱ። ወይዘሮ ሳህሊቱ ወደ ቤታቸው ቢለምኗቸውም አልገቡም፤ አንድ ዓይነት ቅጣት ይፈልጉ እንደ ነበር ግልጽ ነው። የወሰዷቸው አቶ ጦና ናቸው። በተቃጠለ እጃቸው እየመሩ ጉኑኖ አደረሷቸው። መሪጌታ በመንገድ ሲያለቅሱ አቶ ጦና በተሰባበረ አማርኛቸው፣ «የኔታ፣ እኔም ዘግይቷል። እንጨቷን ወርውሮ መሮጥ ነበረ፤ እኔ ቀስ ብሎ አወረዳት። እርስዎ ብቻ ለምን ያለቅሳል? ጦሳ ያውቃል» እንዳሏቸው መሪጌታ ራሳቸው ለልጃቸው ነግረዋል። ጦሳ ማለት በወላይትኛ እግዚአብሔር ነው።

ከዚያ ወዲህ የኖሩት ለአንድ ነገር ነው፤ የወይዘሮ የትምወርቅን ይቅርታ ለማግኘት። በየዓመቱ በስቅለት ዕለት ድንጋይ በአንገታቸው ተሸክመው ከጉኑኖ ሶዶ በእግራቸው እየመጡ፣ በወይዘሮዋ ደጅ ተንበርክከው ይውሉ ነበር። በሩ አይከፈትም። የደብሩ ካህናት፣ የግራዝማች ወንድሞች፣ ሌሎችም ገብተው ለመኑ፤ አልሆነም። ግራዝማች በ1928 ዓ.ም. ከዘመቱበት አልተመለሱም። በተከታዩ ዓመት ጣሊያን ሶዶ ሲገባ የገባር ሥርዓት ቀረ፤ የወታደር ቤት ሁሉ ጎተራው ነጠፈ። ወይዘሮ የትምወርቅም ከታናሺቱ ልጃቸው ከመብራት ጋር በዚያ በግማሽ በተቃጠለ ግቢ ብቻቸውን ቀሩ።

ያን ጊዜ መሪጌታ ጎዳሬና ቆጮ ከጉኑኖ እየተሸከሙ በደጃፋቸው ማስቀመጥ ጀመሩ። በመጀመሪያው ዓመት ወይዘሮዋ ለጎረቤት ከብት አሰጡት። በኋላ ረሃቡ ሲጠና ወደ ቤት አስገቡት። ይህን የሰሙ አንድ ቄስ ደስ ብሏቸው፣ እርቁ ቀረበ ብለው ቢሄዱ፣ ወይዘሮ የትምወርቅ «አባቴ፣ ጎዳሬውን በልተነዋል፤ ይቅርታው ግን ገና አልበሰለም» ብለው መለሷቸው።

መሪጌታ ዳግመኛ ተማሪ ላይዙ ምለው ነበር። የአቶ ጦና ልጅ ኤርካሎ ግን ፊደል ካላስተማሩኝ ብሎ ሙጭጭ አለባቸው፤ እሳቸውም ወደ ንስሐ አባታቸው ሄደው ከመሐላው ተፈቱ። ማስተማር ሲጀምሩ ከዛፍ ሥር እንጂ ከጣራ ሥር አላስተማሩም። ዝናብ ሲመጣ ተማሪዎቹን ያሰናብታሉ። በትር አልያዙም። ከሩቅ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ከጀመሩት ቃል መካከል አቋርጠው ይነሡና አሻግረው ያያሉ፤ አንዳንዴም እስከ ጉብታው ይሮጣሉ። የማያውቋቸው ልጆች በዚህ ይሥቁባቸው ነበር። ኤርካሎ ሲቆጣቸው፣ «ተዋቸው፣ ይሣቁ፤ ልጅ ሲሥቅ ደኅና ነው» ይሉት ነበር። ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ ዛሬ ያነባሉ፤ ከመካከላቸው ሚስዮኖች ባስተማሯቸው በጸሎተኞቹ ማኅበር ወንጌል የሚያነቡም አሉ። መሪጌታ በሃይማኖታቸው የጸኑ ቢሆኑም ስለዚህ አላዘኑም።

በዚህ በያዝነው በ1931 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ከስቅለት መንገድ ተመልሰው ንዳድ ያዛቸው፤ ዝናብ መትቷቸው ስለ ነበር ወደ ሳንባቸው ዞረ። አቶ ጦናና ልጆቻቸው በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ሶዶ፣ ወደ ወይዘሮ ሳህሊቱ ቤት አመጧቸው። ነፍሳቸው እየደከመች መሆኗ ሲታወቅ ወይዘሮ ሳህሊቱ ራሳቸው ሄደው በወይዘሮ የትምወርቅ እግር ላይ ወደቁ። ወይዘሮዋም ነጠላቸውን አደግድገው መጡ።

ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። መሪጌታ ሊነሡ ሞክረው አቃታቸው። ወይዘሮ የትምወርቅ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ «ልጄ የዚያን ዕለት ጠዋት ምን አለ?» መሪጌታ በተቆራረጠ ድምፅ ነገሯቸው። አንድ መስመር ተሳስቶ ሳያርሙት ራሱ እንዳረመ፣ በራሱም እንደ ሣቀ፤ ደግሞ የአቶ ጦና ላም ወልዳለች ስለ ተባለ፣ ጥጃዋን እንዲያይ ማታ ይፈቅዱለት እንደሆነ ጠየቀ። «ፈቀዱለት?» አሉ ወይዘሮዋ። «ፈቅጄለት ነበር» አሉ መሪጌታ።  ወይዘሮ የትምወርቅ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሥተው ሄዱ። መሪጌታ የጠበቁትን ቃል አልሰሙም።

ንስሐቸውን ጨርሰው፣ ሥጋ ወደሙን ተቀብለው፣ ትናንት ግንቦት 3 ቀን 1931 ዓ.ም. ሊነጋ ሲል በሃምሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ልጃቸውን ወይዘሮ ሳህሊቱን፣ ከእሳቸው የተወለዱ የልጅ ልጆችን፣ በቡልጋ ያሉ ወንድሞችን፣ በጉኑኖ እንደ ወንድም ያኖሯቸውን አቶ ጦናን፣ ኤርካሎንና ያስተማሯቸውን ልጆች ሁሉ በሐዘን ትተዋል።

ይህ ታሪክ ሲዘጋጅ ሽማግሌዎች የእሳቱ ነገር ቢቀር ይሻላል ብለው መክረው ነበር፤ ለሟችም ክብር፣ ለእናትም ዕረፍት ይሆናል ብለው። ነገር ግን ሐዘኑ የወይዘሮ የትምወርቅ ስለሆነ ዛሬ ጠዋት ሰው ተልኮ ተጠየቁ። እንዲህ ብለው ላኩ፦ «ይነበብ እንጂ! አባቱ የወደቀበት አይታወቅ፣ የማለቅስበት መቃብር እንኳ የለው። የልጄ ስም የተጻፈበት ሌላ ወረቀት የት አለ? ደብቃችሁ ብታነቡት እዚያው ተነሥቼ እናገራለሁ።»

ስለዚህ ሳይደበቅ ተነበበ። ወይዘሮ የትምወርቅ ከልጃቸው ከመብራት ጋር እዚሁ ከሴቶቹ መካከል ቆመዋል። ይቅር ማለታቸውን አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።

ሰው ለሰው መስጠት ያልቻለውን በእጁ የያዘ አምላክ የመሪጌታ እሸቴን ነፍስ ይቀበል፤ የሕፃኑን የቢያድግልኝን ነፍስ በብርሃን ያኑር፤ ለቀሩትም ጽናቱን ይስጥ። አሜን።